ዱባ ሐረግ ውስጥ የተገኘ ትል፦ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ትሉን ይለዩት

የቀረበው ጥያቄ፦ «አዳማ ከተማ ዳር በሚገኘው ግቢዬ በሰኔ የዘራሁት ዱባ በሐምሌ አጥሩን ሞልቶት ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግን ከሦስቱ ሐረጎች የአንደኛው ቅጠል ጠወለገ፤ ማታም ውኃ ባጠጣውም ቀና አላለም። ሐረጉን መሐሉ ላይ ስሰነጥቀው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚሆን፣ ነጭ፣ ጭንቅላቱ ቡናማ የሆነ ትል አገኘሁ። ኢንተርኔት ላይ የዱባ ሐረግ የምትሰረስር የእሳት እራት እንዳለች አነበብኩ፤ ቢቲ የሚባል መድኃኒት ሐረጉን በመርፌ መውጋትና ግንዱን በአሉሚኒየም ፎይል መጠቅለል ይመከራል። መድኃኒት ሻጩ ደግሞ ዳይሜቶኤት እንድረጭ ነገረኝ፤ ጎረቤቴም የማንጎ ዝንብ ማጥመጃውን ሊያውሰኝ ፈቃደኛ ነው። ከእነዚህ የትኛውን ልጠቀም? የቀሩትን ሁለት ሐረጎችስ ማዳን እችላለሁ?»

ኢንተርኔት ላይ ያነበቡት ምክር የተጻፈው ለሌላ አህጉር ተባይ ነው። የዱባ ሐረግ ሰርሳሪ እየተባለች የምትጠራው የእሳት እራት የአሜሪካ አህጉር ነፍሳት ናት፤ እንደ አብዛኞቹ የእሳት እራቶች በሌሊት ሳይሆን በቀን ትበራለች፤ ሆዷ ብርቱካናማ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ስላለበት ከሩቅ ሲያዩዋት ተርብ ትመስላለች። እንቁላሏን አንድ በአንድ በብዛት የምትጥለው ግንዱ ከአፈር በሚወጣበት አካባቢ ሲሆን፣ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ የሚፈለፈለው ትል ወደ ግንዱ ዘልቆ ይገባል፤ ለሳምንታት ውስጡን ሲበላ ከቆየ በኋላ ወጥቶ አፈር ውስጥ ይቀበርና የብርዱን ወራት እዚያው ያሳልፋል። እዚያ አገር ግንዱ ሥሩ ላይ በፎይል የሚጠቀለለው እራቷ እዚያ ስለምትጥል ነው፤ ከምርት በኋላ አፈሩ የሚገለበጠውም ትሉ እዚያ ስለሚተኛ ነው። እንቁላሉን ሌላ ቦታ የሚጥልና ሌላ ቦታ የሚተኛ ተባይ ላይ ይህን ሁሉ ቢያደርጉ ግን ድካሙ ከንቱ ይቀራል።

በእኛ አገር ዱባ፣ ዝኩኒ፣ ቅልና ሐብሐብ ላይ በሐረግ፣ በሥር ወይም በፍሬ ውስጥ የሚገኙት ትሎች ከአንድ በላይ ናቸው፤ ለአንዱ የሚሠራው መድኃኒትም ሌላውን አይነካውም። ስለዚህ ትሉን ነጭ ወረቀት ላይ አኑረው በስልክዎ ካሜራ አቅርበው ይመልከቱት። የሚፈልጉት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጭንቅላት አለው ወይ? እግርስ አለው? የፍራፍሬ ዝንብ ትል ጭንቅላቱ ተለይቶ አይታይም፤ ከፊቱ ሹል፣ ከኋላው ደፍጣጣ ሲሆን እግር የሚባል ነገር የለውም። የእሳት እራት ትል ጭንቅላቱ ጎልቶ ይታያል፤ ከጭንቅላቱ ሥር 3 ጥንድ እግሮች፣ ሆዱ ላይ ደግሞ ሌሎች አጫጭር ሥጋ መሰል እግሮች አሉት። የቅጠል በል ጥንዚዛ ትል ከፊት 3 ጥንድ እግር ብቻ ያለው ቀጭን ትል ሲሆን የሚገኘውም ከአፈር በታች፣ ሥሩና የግንዱ ግርጌ ላይ ነው። አራተኛው፣ ረጃጅም ቀንድ ያላቸው ጥንዚዛዎች ትል፣ ቡናማ ጭንቅላትና ጠንካራ መንጋጋ ይኖረዋል፤ ሰውነቱ ቀለበት ቀለበት የሠራና ከፊት በኩል ወፈር ያለ ነው፤ እግር ግን የለውም፣ ቢኖረውም በዓይን አይለይም።

ጭንቅላቱ ቡናማ መሆኑን ስለጻፉልኝ ዝንብ አለመሆኑ ታውቋል። የተገኘውም መሬት ውስጥ ሳይሆን ሐረጉ መሐል ስለሆነ የቅጠል በል ጥንዚዛውንም መተው ይቻላል። የቀሩት የእሳት እራትና ባለ ረጅም ቀንዱ ጥንዚዛ ናቸው። እግር ከሌለው፣ ሌላ ማስረጃ እስካልመጣ ድረስ፣ አፖሜሲና በሚባለው የጥንዚዛ ወገን ውስጥ የሚመደብ ነው ብዬ እወስዳለሁ። የዚህ ወገን ዝርያዎች በአፍሪካም በእስያም የዱባ ዘር ሐረጎችን በመሰርሰር ይታወቃሉ። ጥንዚዛው ራሱ ቁመቱ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ ግራጫ ቡናማ ሆኖ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ያሉበት ስለሆነ የደረቀ ሐረግ ላይ ቢቀመጥ አይለይም። እንቁላሉን ግርጌው ላይ ብቻ ሳይሆን በሐረጉ አንጓዎች አካባቢ ይጥላል፤ ትሉ ውስጥ ለውስጥ እየበላ ይሄዳል፤ ከሁሉም በላይ ልብ ሊሉት የሚገባው ደግሞ ክንፍ ለማውጣት የሚተኛው አፈር ውስጥ ሳይሆን እዚያው በቦረቦረው ሐረግ ውስጥ መሆኑ ነው። ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ዱባዎ የሚወስነው እሱ ነውና።

ከዚህ በመነሣት የቀረቡልዎትን አማራጮች እንመልከት። ቢቲ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ከሚባል ባክቴሪያ የሚሠራ ፀረ-ተባይ ነው። ለሰውና ለንብ የማያሰጋ ጥሩ ነገር ነው፤ ሆኖም በብዛት የሚሸጠው ዓይነት የሚሠራው የቢራቢሮና የእሳት እራት ትሎች ሲበሉት ብቻ ነው። የጥንዚዛ ትልም የዝንብ ትልም ቢበላው ምንም አይሆንም። ቅጠልና ለጋ ፍሬ እየፋቀ የሚበላ፣ አረንጓዴ ጀርባው ላይ ሁለት ነጭ መስመር ያለው ትል ካዩ ያ የእሳት እራት ትል ነውና ቢቲ ቢረጩ ይጠቀማሉ። አሁን ለገጠምዎት ጉዳይ ግን ሐረጉን በመርፌ መውጋት ቁስል ከመጨመር በቀር የሚፈይደው የለም። ፎይሉም ግርጌውን ብቻ ስለሚሸፍን በየአንጓው የሚጥለውን ጥንዚዛ አያግደውም።

የጎረቤትዎ ማጥመጃም አይሠራም፤ ትሉ የዝንብ ካለመሆኑም በላይ ሌላ ምክንያት አለ። ለማንጎ ዝንብ የሚሰቀለው ወጥመድ ሜቲል ዩጂኖል በሚባል ማባበያ የአንድ ወገን ወንድ ዝንቦችን የሚስብ ሲሆን፣ በአገራችን የዱባ ፍሬ የምታበላሸው ትንሿ የዱባ ዝንብ ወደዚህ ሽታ አትመጣም። ስለዚህ ለወደፊቱም ፍሬዎ ውስጥ የዝንብ ትል ቢያገኙ ይህን ወጥመድ ሰቅለው ባዶ ሲያገኙት «ዝንብ የለም» ብለው እንዳይዘናጉ። ለፍሬው የሚበጀው ሌላ ነው፤ አበባው ጠውልጎ ትንሿ ዱባ እንደያዘች በወረቀት ከረጢት መሸፈን፣ የተወጋና የወደቀ ፍሬ ደግሞ በየዕለቱ ለቅሞ በተቋጠረ ጥቁር ፌስታል ፀሐይ ላይ ለሳምንት ማቆየት ወይም ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍሮ መቅበር። ኮምፖስት ላይ መጣል ዝንቧን ማርባት ነው።

ዳይሜቶኤትን በተመለከተ ሰፋ አድርጌ መልስ መስጠት ግድ ይለኛል፤ ሻጮች አዘውትረው የሚሰጡት ምክር እሱ ነውና። ላይ ላዩን ሲያዩት ትክክል ይመስላል። ማላታይንና መሰሎቹ የነኩትን ነፍሳት ብቻ ስለሚገድሉ ሐረግ ውስጥ ያለን ትል አያገኙም፤ ዳይሜቶኤት ግን ተክሉ ውስጥ ሠርጎ ከውኃው ጋር ይዘዋወራል። ችግሩ ትሉ የሚበላው ይህንኑ የውኃ መተላለፊያ መሆኑ ነው። ሐረጉ ከጠወለገ መስመሩ ተቆርጧል ማለት ስለሆነ መድኃኒቱ በሚፈለግበት ቦታ በበቂ መጠን አይደርስም፤ ወደ ጤነኛው ክፍል፣ ወደ አበባውና ወደ ፍሬው ግን ይደርሳል። ዱባ ደግሞ ያለ ንብ አያፈራም። ወንዴና ሴቴ አበባው ለየብቻ ነው፤ ብናኙ ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ አያጓጉዘውም፤ አበባውም ጎሕ ሲቀድ ተከፍቶ ከቀትር በፊት ይዘጋል፣ ዳግመኛም አይከፈትም። በዚያች ጠዋት ንብ ካልጎበኘችው ትንሿ ዱባ ቢጫ ሆና ትረግፋለች። ዳይሜቶኤት ለንብ እጅግ መርዛማ ከሆኑት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ትሉን ሳይገድሉ ንቧን ገድለው፣ «ዱባዬ አበባ ብቻ ሆነ» ብለው ደግመው እንዲጠይቁኝ አልፈልግም።

ለቤተሰቡም ቢሆን አደጋው ቀላል አይደለም። ዳይሜቶኤት የነርቭ ሥርዓትን ከሚያውኩት ኦርጋኖፎስፌት ከሚባሉት ኬሚካሎች ወገን ነው፤ በቆዳም በትንፋሽም ይገባል። ከግቢ የሚለቀም ዱባ ደግሞ ዛሬ አንዱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሌላው እየተባለ ስለሆነ፣ ከርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበትን የቀናት ብዛት ጠብቆ የሚለቅም ሰው ጥቂት ነው፤ በተለይ ጾም ገብቶ ዱባ ወጥ በየቀኑ በሚፈለግበት ጊዜ። ለማንኛውም ተባይ ቢሆን በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀንሶ፣ መለያ ወረቀት ሳይኖረው የሚሸጥ መድኃኒት አይግዙ። በውስጡ ያለውን፣ መጠኑንና ጊዜው ማለፍ አለማለፉን ማወቅ አይቻልም፤ ልጆችም ውኃ መስሏቸው ይጠጡታል። ላምባ ወይም የልብስ ሳሙና ውኃ ወደ ቀዳዳው ማፍሰስም የተለመደ ነው፤ ላምባ ትሉን ከመግደሉ በፊት ሐረጉን ይገድለዋል። አመድም ግንድ ላይ ቢነሰነስ ውስጥ ያለውን አይደርስበትም።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት ግን የቀሩት ሁለቱ ሐረጎች በእርግጥ መጎዳታቸውን ያረጋግጡ። በአዳማ ፀሐይ ጤነኛ ዱባም ቀትር ላይ ቅጠሉን ዝቅ ያደርጋል፤ ማታ ወይም በማግሥቱ ጠዋት ቀና ካለ በሽታ አይደለም። የዱባ ቅጠል ዘንግ በተፈጥሮው ክፍት ቱቦ ነው፤ ያረጀ ሐረግም ውስጡ ሊከፈት ይችላል። ባዶ ስለሆነ ብቻ «ተቦርቡሯል» አይባልም፤ የትል ምልክቱ እርጥብ የእንጨት ዱቄት የሚመስል፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ኩስ በትንሽ ቀዳዳ በኩል መውጣቱና የውስጡ ግድግዳ ተበልቶ መጥቆሩ ነው። ሐረጉ ጠውልጎ ቀዳዳም ኩስም ከሌለ ሥሩን አንድ ቦታ ገለጥ አድርገው ይመልከቱ፤ እንደ ዶቃ የተሰካካ እባጭ ካለ ኔማቶድ የሚባለው ሥር የሚያጠቃ፣ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ትል ነው፣ ቲማቲም በተደጋገመበት መሬት ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ቁራጭ ሐረግ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ነክረው ጥቂት ደቂቃ ቢጠብቁና ነጭ ክር የመሰለ ፈሳሽ ወደ ታች ቢወርድ ባክቴሪያ ነው፤ ያን ሐረግ ነቅሎ ከማስወገድ በቀር መድኃኒት የለውም። በሸተተና በላሸቀ ሐረግ ውስጥ ብዛት ያላቸው ጭንቅላት አልባ ትሎች ቢያገኙም፣ አብዛኛውን ጊዜ መበስበሱን ተከትለው የመጡ እንጂ ያበሰበሱት እነሱ አይደሉም።

ቀዳዳና ኩስ ካገኙ የምመክረው ቀዶ ማውጣት ነው። ይህ ለጥቂት ሐረግ ከማንኛውም ርጭት የበለጠ ውጤት አለው። ሥራውን ፀሐይ ስትበርድ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ይጀምሩ፤ የተቀደደው ሐረግ በቀትር ሙቀት እንዳይደርቅ ነው። አዲስ ምላጭ በአልኮል ጠርገው፣ ቀዳዳው ካለበት ተነሥተው ሐረጉን በቁመቱ ይቅደዱት፤ በፍጹም በአግድሙ እንዳይሆን፣ በአግድም የተቆረጠ የውኃ መስመር አይቀጠልምና። በአንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር፣ በአንድ ጎን ብቻ እየቀደዱ በጣት ከፈት አድርገው ያዩታል። የጠቆረው ዋሻ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚሄድ ይታያል፤ ትሉ ያለው ኩሱ ትኩስና ፈዘዝ ያለ በሆነበት ጫፍ ነው። አንድ ትል ሲወጣ ሥራው አልቋል አይበሉ፤ በአንድ ሐረግ በተለያየ አንጓ ሁለትና ሦስት ሊኖር ይችላል። የላሸቀውን በምላጩ ጫፍ ጠርገው ቁስሉን መልሰው ይግጠሙት፤ በላስቲክ አይጠቅልሉት፣ እርጥበት ታፍኖ ይበሰብሳል።

ከዚያ ቁስሉንና ከእሱ ወደ ጫፍ በኩል ያሉትን ሁለት ሦስት አንጓዎች እርጥብ አፈር አልብሰው ድንጋይ ወይም ባላ በመሰለ እንጨት መሬት ላይ ያስተኟቸው። የዱባ ሐረግ አንጓው እርጥብ አፈር ካገኘ ሥር ይሰዳል፤ በሁለት ሳምንት ገደማ አዲሱ ሥር ከተጎዳው ክፍል በላይ ያለውን ሐረግ በራሱ መመገብ ይጀምራል። ትሉ ባይኖርም ይህን ለሁሉም ሐረጎችዎ ዛሬውኑ ያድርጉት። ዱባን ከሐረግ ሰርሳሪ የሚያተርፈው አንዱ ሥር ሲሞት ሌላ ሥር ያለው መሆኑ ነው። አጥር ላይ የወጣውን ክፍል ጎንበስ አድርገው ማውረድ ካልቻሉ፣ አጥሩ ሥር ያለውን አንጓ ብቻ ቢቀብሩም በቂ ነው። አሸዋ የበዛበት አፈር ከሆነ ቶሎ ስለሚደርቅ በጉዝጓዝ ይሸፍኑት፤ ነገር ግን ውኃ አያኑሩበት። ይህ ዘዴ ለሚሳበው ዱባ እንጂ ሐረግ ለማይጥለው ቁጥቋጦ ዝኩኒ አያገለግልም፤ ዝኩኒ ግንዱ ከተቦረቦረ ነቅሎ እንደገና መዝራት ይሻላል።

የጠወለገውን የመጀመሪያውን ሐረግ እንዲተዉት እመክራለሁ። ማታ ቀና ማለት ካቆመ ብዙ ቀን ከሆነው ከሥሩ ቆርጠው፣ ሙሉውን ሐረግ ከግቢ ውስጥ አውጥተው ያቃጥሉት። የያዘው ዱባ ልጣጩ የጠነከረ ከሆነ ለምግብ ይሆናል፤ ትሉ ሐረጉን እንጂ የሚበላውን ሥጋ አልበከለውም። ፍሬውንም ለዘር ማስቀረት ይችላሉ፣ ይህ ተባይ በዘር አይተላለፍም።

ለሚቀጥለው ዘመን የሚወስነው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ሳምንት ነው። በየግቢው የሚታየው ልማድ የደረቀውን ሐረግ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ እስከ በጋ መተው ነው። ጥንዚዛው የሚተኛው በዚያ ሐረግ ውስጥ ስለሆነ የሚቀጥለውን ትውልድ አጥር ላይ ማስቀመጥ ማለት ነው። የመጨረሻውን ዱባ ባነሡ ሳምንት ውስጥ ሐረጉን ከነሥሩ ነቅለው፣ ሰብስበው ያቃጥሉት፤ በአጥር ጥግ የበቀለ የምድር እምቧይና ሳይዘራ የወጣ ቅል ካለም አብረው ይንቀሉ፣ የዱባ ዘር ተባዮችን ያስጠልላሉና። ይህን የምለው የአዳማ አካባቢ ተባዩን የሚገድል ጠንካራ ብርድ ስለሌለው ነው። በአዋሽ መስኖ በበጋም ሐብሐብና ሌላ የዱባ ዘር ስለሚመረት ተባዩ የሚራብበት ወር የለም። ስለዚህም ንጽሕናው የእርስዎ ግቢ ብቻ ሆኖ ከቀረ ውጤቱ ግማሽ ነው፤ አጥር የሚጋሯቸው ጎረቤቶችዎ በአንድ ሳምንት ቢያቃጥሉ ብዙ ለውጥ ያገኛሉ።

የዱባው ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። ከዱባ ዓይነቶች ሁለቱን ላንሣ፤ የሚለዩትም በፍሬው እጀታ ነው። እጀታው ጠንካራ፣ ባለ አምስት ጠርዝ ሆኖ ፍሬውን በሚነካበት ቦታ እንደ ጫማ ሶል የሚሰፋ ከሆነ፣ ቅጠሉም ላይ ነጣ ያለ ዝንጉርጉር ካለ፣ ሞስካታ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሐረጉ ጠንካራና የደደረ ስለሆነ የአሜሪካዋ ሰርሳሪ በእሱ ላይ እምብዛም አይሳካላትም፤ ለእኛ ጥንዚዛም ቢሆን ከሌሎቹ የተሻለ ምርጫ ይሆናል የሚል ግምት አለኝ። እጀታው ክብ፣ ወፍራምና እንደ ቡሽ የለሰለሰ ከሆነ ማክሲማ ነው፤ ሐረጉ ለስላሳ ስለሆነ ሰርሳሪዋ እሱን ትመርጣለች። ዘርዎን ከመጀመሪያው ዓይነት ቢያደርጉ ይሻላል፤ ጥቂቱን ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ ዘግይተው ይዝሩ፣ አንዱ ቢጠቃ ሌላው እንዲተርፍ። ችግኙን በስስ መረብ መሸፈን ይጠቅማል፤ ሴቴ አበባ መታየት ሲጀምር ግን ለንብ ሲባል ይነሣል። ለወባ መከላከያ የተሰጠ አጎበር ለዚህ እንዳይውል አደራ እላለሁ፤ መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ ንቧን ይጎዳል፣ ሰው ደግሞ ያለ አጎበር ያድራል።

ከሁለቱ ሐረጎች ትል ካወጡ አይጨፍልቁት። ካገኟቸው ትሎች ግማሾቹን በአልኮል ውስጥ በትንሽ ብልቃጥ ያኑሩ፤ የተቀረውን ግን ከተገኘበት ሐረግ ስንዝር ከሚያህል ቁራጭ ጋር ሰፊ አፍ ባለው ማሰሮ ወይም ብርጭቆ ውስጥ አድርገው አፉን በስስ ጨርቅ ይሰሩት፤ ሐረጉ እንዳይደርቅ ሥሩ እርጥብ ሶፍት ያድርጉ። ትልን በመልኩ ብቻ ለይቶ ስሙን መጥራት ለባለሙያም ከባድ ነው፤ ክንፍ አውጥቶ ከወጣ ግን ጥርጣሬ አይኖርም። ሁለቱንም ይዘው፣ የተገኘበትን ቀንና የዱባውን ዓይነት ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ለቀበሌዎ የግብርና ባለሙያ ያስረክቡ ወይም በቅርብዎ በሚገኘው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያሳዩ። የወጣው ጥንዚዛ ሳይሆን የእሳት እራት ከሆነ፣ ቀዶ ማውጣቱና አንጓ መቅበሩ እንዳለ ሆኖ፣ ለሚቀጥለው ዘመን ቢቲን ትሉ ወደ ሐረጉ ከመግባቱ በፊት በግንዱና በአንጓዎቹ ላይ መርጨትን እጨምርልዎታለሁ።